የጠፉ ፊልሞች ጉዳይ፦ ስካን ተደርጓል ብላችሁ ዋናውን አትጣሉ

ሪል_በሪል

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ ላይ በሌላ ውይይት አንድ ወንድማችን «የጠፋ ፊልም ጠፋ እንግዲህ፣ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ላይክ አደረገለት። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለዚህ ነው ይሄን የከፈትኩት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ1912 እስከ 1929 ባለው ጊዜ እዚያ አገር ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ተሠርተዋል። በተሠሩበት መልክ ሙሉ ሆነው ያሉት 14 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ሌሎች 11 በመቶ ያህሉ በውጭ አገር ቅጂ ወይም ጥራቱ በወረደ ቅጂ ተገኝተዋል። የቀረው ወይ ጎደሎ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። በገንዘብም በመሣሪያም ያልተቸገረ ኢንዱስትሪ እንዲህ ከሆነ ሌላውን አስቡት። የህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም «አላም አራ» በ1931 ሲወጣ ሕዝቡ ትኬት ለመግዛት ተጋፍቶ ነበር። ዛሬ ግን አንድም ቅጂ የለም። ፎቶና ፖስተር ነው የቀረው።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የጠፉት መጥፎ ስለነበሩ ነው? በፍጹም። ቁጭ ብሎ ይሄ ይቅር፣ ይሄ ይጥፋ ብሎ የመረጠ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የታተሙበት ናይትሬት የሚባለው ፕላስቲክ ከባሩድ ጋር ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ የራሱን ኦክስጅን ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት እንኳ መንደዱን አያቆምም። በሐምሌ 1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል ኩባንያው ከ1932 በፊት ከሠራቸው ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። ዩኒቨርሳል ደግሞ እሳት እንኳ አላስፈለገውም፤ በ1948 ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ራሱ አጠፋቸው። ቦታ ይይዛሉ፣ ገበያ የላቸውም፣ ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ግን ተለይቶ ይሸጣል። ዦርዥ ሜሊየስን እንኳ እዩት። የሲኒማ ምትሃት አባት የሚባለው ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳይ ጦር ከፊልሞቹ ብዙውን አቅልጦ የወታደር ጫማ ተረከዝ ሠራበት። በ1923 ደግሞ እሱ ራሱ ከስሮ ተስፋ ሲቆርጥ ኔጋቲቮቹን (ካሜራው የቀረጸባቸውን ዋናዎቹን ፊልሞች) በገዛ እጁ አቃጠለ።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ፊልም የሚተርፈው ጥሩ ስለሆነ አይደለም። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ አንድ የፊልም ቆርቆሮ ሳይጥል ስለቀረ ነው። ስለዚህ መጣሉን እናቁም። የሚጠቅም ይሁን አይሁን በኋላ ይታያል።

---

ማህሌት_ፊ

ሪል፣ አመሰግናለሁ። ይሄ መነሳት የነበረበት ነገር ነው። እኔ ሜትሮፖሊስ የሚባለውን የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ታሪክ ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ሰው ሁሌ ደስ የሚለውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው።

ፊልሙ በጥር 1927 በርሊን ላይ ታየ። ከዚያ ረዘመ ተብሎ ተቆራረጠ፣ የተቆረጠውም ጠፋ። ለሰማንያ ዓመት ያህል ዓለም ያየው ጎደሎውን ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ ባለው የፊልም ሙዚየም ሙሉ ሊባል የሚችል ቅጂ ተገኘ። የጠፋው ወደ 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰና በየካቲት 2010 በርሊን ላይ እንደገና ታየ። እሰይ ነው።

ግን ያ የአርጀንቲና ቅጂ ምን ዓይነት እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ አከፋፋይ በ1928 ይዞት የሄደው 35 ሚሊሜትር ፊልም ነበር፣ ሙሉ ጥራት ያለው። ለአሥርታት በሰው እጅ ቆየ። ከዚያ ናይትሬት አደገኛ ነው ተባለና ወደ 16 ሚሊሜትር ተገለበጠ። ሳይጸዳ። ጭረቱም፣ ዘይቱም፣ አቧራውም አብሮ ታተመ። ዋናው ተወገደ። ቅጂ አለ አይደል፣ ምን ያደርጋል ተብሎ።

ዛሬ የታደሰውን ስታዩ የተገኙት ትዕይንቶች ሲመጡ ወዲያው ትለዩዋቸዋላችሁ። ፍሬሙ (የእያንዳንዱ ምስል ክፈፍ) ያንሳል፣ ዳሩ ጥቁር ነው፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ዝናብ የሚወርድ መስመር አለ። የዘመኑ ኮምፒውተር ያን መስመር ሙሉ በሙሉ ሊያነሳው አልቻለም፣ ምክንያቱም ጭረቱ ከፊልሙ ላይ ሳይሆን ከምስሉ ውስጥ ነው ያለው። ዋናው ቢቆይ ኖሮ ጭረቱ ሊታጠብ፣ ሊሞላ ይችል ነበር። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

---

ዮናታን_ፖስት

እኔ ነኝ ያን አስተያየት የጻፍኩት። በክፋት አይደለም። አሁንም ግን ጥያቄ አለኝ።

ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም። መጋዘን ገንዘብ ነው፣ መብራት ገንዘብ ነው፣ ባለሙያ ገንዘብ ነው። በየዓመቱ የሚሠራው ፊልም ደግሞ ማለቂያ የለውም። አብዛኛውን የሚያየው የለም። ታዲያ ለምን አንመርጥም? ታላላቆቹን በደንብ እንጠብቅ፣ የቀረው ይሂድ። መጻሕፍትም እኮ ሁሉ አልተረፉም።

---

ሪል_በሪል

ዮናታን፣ ራስህ መጥተህ ስለጻፍክ አከበርኩህ። ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን መራጩ ማን ይሆናል?

ቢቢሲ እኮ መርጦ ነበር። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር የታየውን ፕሮግራም እየደመሰሱ በላዩ ሌላ ይቀዱበት ነበር። «ዶክተር ሁ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ የልጆች ነገር ነው፣ ማን ሁለተኛ ያየዋል ብለው በርካታ ክፍሎቹን ደመሰሱ። ዛሬ ሰው በዓለም ዙሪያ እየዞረ ይፈልጋቸዋል። በ2013 ዘጠኝ ክፍሎች መገኘታቸው ሲነገር የተገኙት የት ነው? ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ። ለንደን መርጦ የጣለውን ጆስ ሳይመርጥ አቆየው።

ዶሰን ሲቲም አለ፣ ሰሜን ካናዳ። ፊልም ለማሳየት የመጨረሻዋ ከተማ ስለነበረች አከፋፋዮቹ ቅጂውን ለማስመለስ የመርከብ መክፈል አልፈለጉም። ፊልሙ ተከማቸ፣ ከዚያ የድሮ መዋኛ ገንዳ መሙያ ሆኖ ተቀበረ። በ1978 ለግንባታ ሲቆፈር 533 ሪል (የፊልም ጥቅልል) ወጣ። ከላይ በረዶ መንሸራተቻ ነበር፣ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ነው፣ እሱ ነው ያቆያቸው። ውስጡ የተገኘው ታላላቅ ድራማ ብቻ አይደለም። የዜና ፊልም አለ፣ የ1919 የቤዝቦል ዋንጫ ጨዋታ ሳይቀር አለ። በጊዜው ሳምንት ካለፈው የዜና ፊልም የበለጠ ዋጋ ያጣ ነገር አልነበረም። አሁን የታሪክ ሰው ከድራማው በላይ የሚፈልገው እሱን ነው።

ታላላቆቹን እንጠብቅ ስትል የዛሬውን ጣዕም ነው ለነገ የምታወርሰው። የነገ ሰው ከፊልሙ ምን እንደሚፈልግ አናውቅም። ምናልባት ተዋናዩን ሳይሆን ከኋላው ያለውን መንገድ ነው የሚፈልገው። የሰው አለባበስ፣ አነጋገር፣ አሁን የፈረሰ ሕንፃ።

---

የድሮ_ኦፕሬተር

ልጆች፣ ደህና ናችሁ? ጭቅጭቃችሁ ደስ ይላል። እኔ ብዙ ዘመን ፊልም ያሳየሁ ሰው ነኝ። ከማሽኑ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ፊልም ሁሌ በመሞት ላይ ያለ ነገር ነው። በማሽኑ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ይጎዳል። አንድ ቦታ ይበጠሳል። ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ሕዝቡ በጨለማ እያፏጨ ነው፣ ጊዜ የለም። የተበጠሰውን ሁለቱንም ጫፍ በመቀስ ያስተካክልና ይለጥፋል። ሁለት ሦስት ፍሬም ሄደ ማለት ነው። ሌላ አዳራሽ ሌላ ይቆረጣል። ቅጂው ብዙ ቦታ ዞሮ ሲመለስ ሰውየው በሩን ሳይከፍት ቤት ውስጥ ይገኛል፤ መሃሉ የለም። በተለይ የሪሉ መጀመሪያና መጨረሻ ምስኪን ነው፣ ሁሌ የሚነካው እሱ ስለሆነ። የማሳያ ፈቃዱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያሳየው ቅጂው እንዲቆራረጥ ይታዘዛል። ይሄ የሥራው ሕግ ነበር።

ስለዚህ የታደሰ ፊልም ስታዩ አንድ ቅጂ ጠራርገው ያወጡት እንዳይመስላችሁ። ከአንዱ አገር የመጣውን መጀመሪያውን፣ ከሌላው መሃሉን፣ ከሌላው አሥር ሰከንድ ይወስዳሉ። ፍሬም በፍሬም እያስተያዩ። አንዱ ቅጂ ላይ የጎደለው በር መክፈት ሌላው ላይ ይገኛል። ቅጂ በበዛ ቁጥር ፊልሙ ሙሉ ይሆናል። የተቧጨረ ቅጂ ነው ብላችሁ አትናቁ።

አንድ ሌላ ነገር። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ሰዎቹ ሲሯሯጡ አይታችሁ ትስቃላችሁ። እነሱ አልተሯሯጡም። ካሜራው በእጅ የሚዞር ነበር፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ24 ፍሬም በታች። በኋላ በመጣው ማሽን በ24 ስታስሮጡት ነው የሚፈጥነው። ትክክለኛ ፍጥነቱን መመለስ ራሱ እድሳት ነው። ገንዘብም ብዙ አይፈልግም፣ ማወቅ ነው የሚፈልገው።

---

ኮዳክ35

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ስካን የማድረግ ሥራ ላይ ስላለሁ በየቀኑ የማየው እሱን ነው። የሪል መጀመሪያ ሁሌ ቁስለኛ ነው።

ስለ ጉዳቱ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ናይትሬትን ብቻ ስለሚፈራ። ኮዳክ ኩባንያ በ1951 ናይትሬት ማምረት አቆመ። ከዚያ የመጣው አሲቴት «የማይቀጣጠል» ተብሎ ሁሉም እፎይ አለ። አሲቴትም ግን ይሞታል፣ ቀስ ብሎ። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አሲድ መልቀቅ ይጀምራል፤ ቆርቆሮውን ስትከፍቱ የአቼቶ ሽታ አፍንጫችሁን ይመታል። ሽታው ራሱ አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። የከፋው ነገር ደግሞ የወጣው አሲድ መበላሸቱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ላለውም ይተርፋል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ምስሉ ያለበት ስስ ሽፋን ከፕላስቲኩ ይላቀቃል። አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም። ማዘግየት ግን ይቻላል፤ ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ነው መድኃኒቱ።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። ከ50ዎቹ እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ብዙ ባለቀለም ቅጂዎች ዛሬ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው። ሰማይም ፊትም ሣርም አንድ ቀለም ይሆናል።

አሁን ወደ ርዕሱ። ዋናውን አትጣሉ ለሚለው ከህንዳዊው ዳይሬክተር ከሳትያጂት ራይ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የአፑ ሦስቱ ፊልሞች ዋና ኔጋቲቭ በ1993 ለንደን ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። የተረፈው ጠርዙ የከሰለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ሲነኩት የሚሰባበር ነገር ነበር። በየትኛውም ማሽን አያልፍም። ማንም ቆሻሻ ነው ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም ነበር። የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ መዝገብ ቤት ግን ያን የተቃጠለ ነገር ተረክቦ አስቀመጠው። ለሃያ ዓመት ያህል።

ከዚያ ወደ ቦሎኛ፣ ጣሊያን ተላከ፣ «ሊማጂኔ ሪትሮቫታ» ወደሚባለው ላቦራቶሪ። እዚያ በኬሚካል እርጥበቱን መልሰው አለሰለሱት፣ ተጣብቆ የነበረውን ፈቱት። የቀለጠውን ሙጫና ቴፕ ላጡ። የተበላውን የጎን ቀዳዳ አንድ በአንድ በእጅ ሠሩለት። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ፊልም ኔጋቲቭ 40 በመቶ ያህል፣ ከሁለተኛው ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ስካን ተደረገ። የቀረውን ከሌሎች መዛግብት ቅጂ ሞሉት። የሦስተኛው ኔጋቲቭ ግን ከዚህ በላይ ተጎድቶ ስለነበር ከሌላ ቅጂ ነው የተሠራው። በ2015 ሦስቱም ለሕዝብ ታዩ። ሄዳችሁ እዩት። በ1993 ይሄን ማድረግ አይቻልም ነበር። ዕቃው ስለተቀመጠ ዘዴው ሲመጣ አገኘው።

---

ዮናታን_ፖስት

እሺ፣ ይሄኛው አፍ ያስይዛል። የተቃጠለ ነገር ሃያ ዓመት ማስቀመጥ ለእኔ አይታሰበኝም ነበር። ስለ ዋናው እስማማለሁ።

ግን ስለ እድሳቱ ራሱ ልጠይቅ። አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጥቷል። ድሮ የተቀረጸን ነገር ቀለም ይቀባል፣ ጭረቱን ያጠፋል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ያደርገዋል። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። እኔ እንደ ኤዲተር ሳየው ያምራል፣ ወጣቱም ያየዋል። ይሄ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

---

ማህሌት_ፊ

ዮኒ፣ እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እሞቃለሁ፣ ይቅርታ።

ሰው እንዲያይ ማድረግ ጥሩ ነው። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን በ2018 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ምስሎች ቀለም ሰጥቶ፣ ፍጥነታቸውን አስተካክሎ ሲያወጣ ብዙ ሰው አለቀሰ። ነገር ግን ያ አዲስ ሥራ ነው፣ የእሱ ሥራ። እድሳት አይባልም። ኤአይ በሁለት ፍሬም መካከል የሚጨምረው ፍሬም ማንም አልቀረጸውም። የሸሚዙ ቀለም ግምት ነው። ፊቱ ላይ ያለውን የፊልም ቅንጣት ጠርጎ ሲያለሰልሰው የሰውየውም ፊት አብሮ ይሄዳል፤ ያ ቅንጣት እኮ ራሱ ምስሉ ነው፣ ከእሱ ውጪ የተቀረጸ ነገር የለም።

ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ አልነበሩም። አብዛኞቹ ቀለም ውስጥ ይነከሩ ነበር፤ ለሌሊት ሰማያዊ፣ ለመብራት ብርቱካንማ፣ ለእሳት ቀይ። የሜሊየስ የጨረቃ ጉዞ (1902) በእጅ የተቀባ ቅጂም ነበረው፣ በብሩሽ፣ ፍሬም በፍሬም። ጠፋ ተብሎ ቆይቶ በ1993 ባርሴሎና ላይ ተገኘ። እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ቀስ እያሉ አላቀቁት፣ በ2011 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ያን ቀለም ስታየው የሆነች ሴት እጅ ነው። በዚያ ዘመን ቀቢዎቹ ሴቶች ነበሩ። ኤአይ የሚቀባው ቀለም የማን እጅ ነው?

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። የታደሰው ነገር ወደ ኋላ መመለስ ይችላል ወይ? ዋናው ስካን ሳይነካ ተቀምጦ፣ ምን እንደተቀየረ ተጽፎ ከሆነ የፈለግከውን ሥራ። ሌላው ሰው ነገ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ካልሆነ ግን አንተ የገመትከው ቀስ በቀስ እውነት ይሆናል።

---

በረከት_ዲ

እኔ የአይቲ ሰው ነኝ፣ ፊልም ብዙም አላውቅም፣ ግን «ዲጂታል አድርገነዋል» የሚለው ቃል ሲባል ሁሌ ይጨንቀኛል።

ሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ዝም ብሎ ይሞታል። መዛግብት የሚጠቀሙት ኤልቲኦ የሚባል ቴፕ ይሻላል፣ እሱም ግን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ትውልድ ይወጣለታል፣ አዲሱ ማሽን ደግሞ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሁሌ ወደ አዲስ መገልበጥ አለ። አንድ ጊዜ በጀት ከተቋረጠ አበቃ። የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ በ2007 ያወጣው ሪፖርት ላይ አንድን ፊልም በዲጂታል ማስተር ማቆየት በዓመት 12,514 ዶላር፣ በፊልም ማቆየት ግን 1,059 ዶላር እንደሚፈጅ አስልቶ ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፣ ነገሩ ግን አልተቀየረም። ፊልም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትተኸው መሄድ ትችላለህ። ዲጂታል ግን ሁሌ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል።

ትልልቆቹም አይድኑም። ቶይ ስቶሪ 2 የሚባለው የአኒሜሽን ፊልም እየተሠራ እያለ በ1998 አንድ ሰው በስህተት የማጥፊያ ትዕዛዝ ሰጥቶ አብዛኛው ፊልም ከሰርቨሩ ተሰረዘ። ባክአፑም ሲታይ በትክክል አይሠራም ነበር። ያዳናቸው አንዲት የሥራ ባልደረባ ልጅ ወልዳ ከቤት ለመሥራት ብላ ቤቷ የወሰደችው ኮምፒውተር ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው በመኪና ያመጡት። ሪል_በሪል ከላይ ያለው ነገር ነው እኮ፤ ሌላ ቅጂ፣ ሌላ ቦታ።

---

ሀና_ሲኒማ

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን አልተነሳም፣ የማን ፊልም ነው የሚታደሰው የሚለው።

እስካሁን የጠቀስናቸው አብዛኞቹ ሀብታም አገር ያሉ ወይም ሀብታም አገር የወደዳቸው ናቸው። የአፍሪካን ብናይ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ ዳይሬክተሮች ፊልማቸውን የሚያጥቡት አውሮፓ ባሉ ላቦራቶሪዎች ነበር፣ በአገራቸው ስላልነበረ። ኔጋቲቩ እዚያው ቀረ። ላቦራቶሪው ሲዘጋ ወይም ሲሸጥ ዕቃው የት ደረሰ? ዳይሬክተሩ ካረፈ ልጆቹ መብቱ የማን እንደሆነ አያውቁም። የገዛ አገሩ ሰው ፊልሙን ለማየት ፈቃድ ከሌላ አገር ይለምናል። ይሄ ያማል።

የተጀመረ ነገር ግን አለ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በ1990 የፊልም ፋውንዴሽንን መሠረተ፣ በ2007 ደግሞ ለሌላው ዓለም ሲኒማ የሚሆነውን ክፍል። የሴኔጋላዊው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» (1973) በ2008 የታደሰው በዚያ ነው። በ2017 ከአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ማኅበርና ከዩኔስኮ ጋር የአፍሪካ ፊልም ቅርስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሞሪታኒያው ተወላጅ ሜድ ሆንዶ «ሶሌይ ኦ» (1970) ነው። ሆንዶ ፊልሙ ታድሶ ሲታይ በሕይወት ነበር። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀለሙ ልክ ነው ወይ ብሎ የሚጠየቅ ሰው በሕይወት መኖሩ።

ሌላው ደግሞ ሰው ነው። በ90ዎቹ ታሊባን ካቡልን ሲይዝ የመንግሥት ፊልም ድርጅት ሠራተኞች ሪሎቹን ከሐሰተኛ ግድግዳ ጀርባ ደበቋቸው። ቢያዙ ሞት ነበር። ካምቦዲያ ላይ ግን የሚደብቅ እንኳ አልተረፈም። ከ1975 በፊት በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞች ተሠርተው ነበር፣ ክመር ሩዥ ከሚባለው አገዛዝ በኋላ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹ ዳይሬክተሮችና ተዋንያንም ተገድለዋል። ዘፈኑ በሰው አፍ ቀረ፣ ፊልሙ ጠፋ። ዮናታን፣ መምረጥ አለብን ስትል እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። መምረጥ የሚችለው የተረፈለት ሰው ነው።

---

ዮናታን_ፖስት

ሀና፣ ገባኝ። እኔ የገንዘቡን ጉዳይ አሁንም አልተውኩትም፣ እድሳት ሁሉም ፊልም ጋ አይደርስም። ግን ማስቀመጥና ማደስ ሁለት ነገር መሆናቸውን እዚህ ነው የለየሁት። ማደስ ወረፋ ሊይዝ ይችላል። ማስቀመጥ ግን አይችልም።

---

ሪል_በሪል

ልክ እሱ ነው ዮናታን። የእኔን ሐሳብ ከእኔ በተሻለ ጻፍከው።

---

ትዕግሥት_88

ሰላም፣ እኔ ሁሌ አንባቢ ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም። ይሄን ሳነብ ግን መጠየቅ አማረኝ። አያቴ ካረፉ በኋላ ቁምሣጥናቸው ላይ ትንንሽ የፊልም ሪሎችና የቪኤችኤስ ካሴቶች ተገኙ። ሪሎቹ 8 ሚሊሜትር ይመስሉኛል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ሲከፈቱ ያ ጋሼ ኮዳክ ያሉት የአቼቶ ሽታ አላቸው። ቤተሰቡ ካሴቱን በሲዲ አስቀድተን እንጣለው እያለ ነው። ታዋቂ ሰው የለበትም፣ ሰርግና ልጆች ነው። እንደዚህ ያለውስ ዋጋ አለው?

---

ኮዳክ35

ትዕግሥት፣ እንኳን ጻፍሽ። ዋጋ አለው። ለሰርግና ለልጆች ሲባል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየአገሩ የቤት ፊልም ቀን የሚባል ነገር ይከበራል። ሰው የራሱን ሪል ይዞ ይመጣል፣ ባለሙያ አይቶ ያሳይለታል። ማንም ፊልም ሠሪ ያልቀረጸው ኑሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ካሴቱ ከሁሉ ይቀድማል። ቪኤችኤስ ማጫወቻ የሚያመርት የመጨረሻው የታወቀ ኩባንያ በ2016 ማምረት አቁሟል። ማጫወቻው እያለቀ ነው፣ ቴፑም ማግኔቱ እየረገፈ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብ ቤት እስከ 2025 ያልተገለበጠ ቴፕ አብዛኛው ሊጠፋ እንደሚችል ሲያስጠነቅቅ ነበር። ስለዚህ አትጠብቂ። ሲዲ ግን አይሁን፣ ብዙ ይጨመቃል፣ ዲስኩም ይበላሻል። ፋይል አስደርጊ፣ ሳይጨመቅ ወይም በጣም ትንሽ ተጨምቆ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሁለት ቤት አስቀምጪ።

ሪሎቹ 8 ከሆኑ ናይትሬት አይደሉም፣ አትፍሪ። የሚሸቱትን ሁለቱን ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለይተሽ ሌላ ክፍል አስቀምጪ፣ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አትክተቻቸው፣ አሲዱ መውጫ ያጣል። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይሁን፤ ጣሪያ ሥርና ኩሽና አጠገብ አይሆንም። በድሮ ፕሮጀክተር እንያቸው እንዳትሉ። የተኮማተረ ፊልም በፕሮጀክተሩ ጥርስ ይቀደዳል። እንዲሁ በእጅ ወደ ብርሃን ይዘሽ ጥቂት ፍሬም ማየት ይበቃል፣ ጠርዙን ብቻ እየያዝሽ። ስካን መደረግ ያለባቸው መጀመሪያ የሚሸቱት ናቸው። ከስካን በኋላም አትጣሉ። አሁን ያለው ስካነር የማያወጣውን ነገር የሚቀጥለው ሊያወጣ ይችላል።

---

የድሮ_ኦፕሬተር

ልጄ ትዕግሥት፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ አትላጪው፣ በአያትሽ እጅ ነው የተጻፈው። ካልተጻፈ ደግሞ የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቂ። ይሄ ማን ነው፣ ስንት ዓመተ ምህረት ነው፣ ቤቱ የማን ነው።

---

ማህሌት_ፊ

ጋሼ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ ምንነታቸው ያልታወቀ ፊልሞች ሞልተውታል። ከ2012 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ከልፔፐር በምትባል ከተማ ባለው የፊልም ማከማቻው ጉባኤ ያዘጋጅ ነበር። ያልታወቁትን ፊልሞች አዳራሽ ውስጥ ያሳያሉ፣ ተመልካቹ ዝም አይልም፣ ያወቀውን ይጮሃል። «ያ መኪና የ1914 ነው!»፣ «ያቺ ተዋናይ እከሊት ናት!»፣ «የሱቁን ስም አንብቡት!» እያሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ፊልም ስሙን አግኝቷል። ያለ ስም የተቀመጠ ፊልም ተቀምጦም እንደጠፋ ነው፣ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ማስታወሻውን ወረቀት ላይ ጻፊና ቆርቆሮው ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ አድርጊ፣ ፋይሉ ላይም ይገልበጥ።

---

ትዕግሥት_88

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የሚሸቱትን ለይቻለሁ። አንደኛው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፣ ደብዝዟል፣ ፎቶ አንስቼ ለትልቋ አክስቴ ልኬላታለሁ፤ እሷ ታውቀዋለች። ቤተሰቡን ካሴቱ እንዳይጣል አስማምቻለሁ። ስካን የሚያደርግ ሰው ስጠይቅ የቱን ዓይነት ፋይል ልበለው?

---

ኮዳክ35

ለሪሎቹ ፍሬም በፍሬም የሚያነሳ ስካነር እንዳለው ጠይቂው። ግድግዳ ላይ አብርቶ በካሜራ የሚቀርጽ ከሆነ ተይው። ፋይሉን ፕሮሬስ በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ወይም ፍሬሞቹን ለየብቻ ቲፍ በሚባለው የምስል ዓይነት ይስጥሽ፣ ለቤተሰብ ማያ ደግሞ ትንሽ ኤምፒ4። ቀለም አስተካክላለሁ ካለ ያልተስተካከለውንም ጭምር ተቀበዪ። ሪሎቹን ደግሞ ቆጥረሽ ስጪ፣ ቆጥረሽ ተረከቢ።